ፆታና የቤተሰብ ትስስር በሕግ አውጪዎች ድምፅ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ምክር ቤት አባላት ፆታ፣ ቤተሰብና ድምፅ አሰጣጥ በተደጋጋሚ ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ የተጻፉት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምክር ቤት አባል ድምፅ የሚሰጠው በምን ተመርቶ ነው? ቤተሰቡን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

አንድ እንደራሴ በረቂቅ ሕግ ላይ እጁን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮች በሐሳቡ ይመላለሳሉ፤ እነርሱም ፓርቲው የያዘው አቋም፣ የመረጠው ሕዝብ ፍላጎትና የራሱ እምነት ናቸው። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነበር፤ ምክንያቱም የፓርቲ አቋም በይፋ ይነገራል፣ የመራጭ ቅሬታም በምርጫ ቀን በቁጥር ይታያል። ሦስተኛው ግን ከውጭ አይታይም። ሰው ደግሞ እምነቱን የሚቀስመው ከመጽሐፍና ከስብሰባ ብቻ አይደለም፤ ከእናቱ ምክር፣ ከልጁ የትምህርትና የሥራ ውጣ ውረድ፣ ከታመመ ወንድሙ አልጋ አጠገብ ጭምር ነው። «ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» የሚባለው ለሕግ አውጪም ይሠራል፤ የደረሰበት አባልና ያልደረሰበት አባል አንዱን ረቂቅ ሲያነብቡ የሚታያቸው ነገር አንድ አይደለም።

ስለዚህ የሚያከራክረው ቤተሰብ ተጽዕኖ ማሳደሩ ሳይሆን መቼና ምን ያህል እንደሚያሳድር ነው። ከዚህ በታች በየመልሱ እንደሚታየው፣ በእኔ ግምት ትልቁ ወሳኝ ነገር ፓርቲው ለአባሉ የሚተውለት ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ቤት ውስጥ የታየው ነገር ወደ አዳራሹ ይገባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ግን አባሉ ምንም ዓይነት ቤተሰብ ቢኖረው ድምፁ የፓርቲው ድምፅ ይሆናል።

የቤተሰብ ሰው የአንድን እንደራሴ ድምፅ ያስቀየረበት የታወቀ ታሪክ አለ?

አለ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚነገረውም በ1920 በአሜሪካዋ የቴነሲ ክፍለ ግዛት የተፈጸመው ነው። ለአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 35 ክፍለ ግዛቶች አጽድቀውት ስለነበር፣ ሕግ ሆኖ እንዲጸና የአንድ ክፍለ ግዛት ድምፅ ብቻ ይቀረው ነበር። ኦገስት 18 ቀን የቴነሲ ተወካዮች ሲሰበሰቡ ደጋፊዎቹ ቢጫ፣ ተቃዋሚዎቹ ቀይ ጽጌረዳ በኮታቸው ላይ ሰክተው ነበር። የ24 ዓመቱ ወጣት አባል ሃሪ በርን የሰካው ቀዩን ነው። ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብም ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆመ፤ ውጤቱ ግን 48 ለ48 እኩል ሆነ። ወዲያው ማሻሻያው ራሱ ለድምፅ ቀረበና ስሙ ሲጠራ በርን «እደግፋለሁ» አለ። ሚዛኑ ተደፋ፤ ማሻሻያውም አለፈ።

በዚያች ሰዓት በኪሱ የእናቱ ደብዳቤ ነበር። ፌብ በርን የገጠር ሴት ናቸው፤ በበርካታ ገጾች ስለ ቤትና ስለ መንደር ወሬ ሲያወጉት ቆይተው፣ በመካከሉ ለሴቶች መብት ድምፁን እንዲሰጥና ሰዎቹን በጥርጣሬ እንዳያቆያቸው አሳሰቡት። በማግስቱ በርን ለምክር ቤቱ በሰጠው ማብራሪያ፣ ለወንድ ልጅ የእናቱን ምክር መከተል ምንጊዜም ከሁሉ የበለጠ አስተማማኝ እንደሆነ፣ እናቱም ይህን እንደፈለጉ ገለጸ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሌላው የማብራሪያው ክፍል ግን ለጥያቄያችን እኩል ጠቃሚ ነው፦ በርን ሙሉ የመምረጥ መብት ተገቢ መሆኑን እንደሚያምንም ተናግሯል። ደብዳቤው ያልነበረ እምነት አልፈጠረም፤ በመራጮቹ ፍርሃት ተሸፍኖ የነበረውን እምነት በመጨረሻዋ ደቂቃ አወጣው። ቤተሰብ በድምፅ ላይ የሚሠራው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ሴት ልጅ ያላቸው አባቶች በእርግጥ ለየት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ?

በዚህ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ኢቦኒያ ዋሺንግተን በ2008 ያሳተሙት ጥናት ነው። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ስንት ልጆች እንዳሏቸው፣ ከእነዚህም ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ከመዘገቡ በኋላ፣ የሴቶች መብት ድርጅቶች ለአባላቱ ድምፅ አሰጣጥ ከሰጡት ነጥብ ጋር አነጻጸሩት። የልጆቻቸው ብዛት እኩል ከሆነ አባላት መካከል ብዙ ሴት ልጆች ያሏቸው ለሴቶች መብት ይበልጥ ድምፅ ሲሰጡ ተገኙ፤ ልዩነቱ በተለይ ጎልቶ የታየው በሥነ ተዋልዶ መብት ጉዳዮች ላይ ነበር። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 224 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኞችን መርምሮ፣ ሴት ልጅ ያላቸው ዳኞች ፆታ ነክ በሆኑ ክርክሮች ለሴቶች መብት ይበልጥ እንደሚያደሉ አሳየ። ለውጡ በዋነኛነት የታየው ወግ አጥባቂ በሆነው የሪፐብሊካን ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች በተሾሙት ዳኞች ላይ ነው፤ ሌሎቹ ቀድሞውኑ ወደዚያው ያዘነበሉ ነበሩና።

የዳኞቹ ነገር ከተነሣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2003 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለሠራተኞች የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ ክፍለ ግዛቶችንም በካሣ ያስጠይቃል ብሎ 6 ለ3 ሲወስን ውሳኔውን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዋና ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት ነበሩ፤ ብዙዎችን አስገረመ። ሴት ልጃቸው ከትዳሯ ተለይታ ልጆቿን እያሳደገች የምትሠራ ባለሙያ ስለነበረች፣ እርሳቸው አንዳንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብለው ወጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያመጡ ነበር። ባልደረባቸው ዳኛ ሩት ባደር ጊንዝበርግ በኋላ ስለዚህ ውሳኔ ሲጠየቁ የሬንኲስት የሕይወት ተሞክሮ ድርሻ እንደነበረው ተናግረዋል።

ነገር ግን ውጤቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ መውሰድ አይገባም። ከዋሺንግተን በኋላ የቀጣዮቹን ኮንግሬሶች ድምፅ የመረመሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ተጽዕኖ አላገኙም። በተራ ዜጎች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፦ በ2010 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ሴት ልጆች ወላጆችን ወደ ግራ ፓርቲዎች ያስጠጋሉ ሲል፣ በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ያስጠጋሉ ብሏል። አንድ አባት ለሴት ልጁ ሲያስብ ዕድሏ እንዲሰፋ ሊፈልግ ይችላል፤ ጥበቃው እንዲጠብቅላትም ሊፈልግ ይችላል። ፍቅሩ አንድ ሆኖ ድምፁ ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ተመራማሪዎች ለምን የልጆችን ፆታ መረጡ? ስለ ሚስት፣ ስለ እናት ወይም ስለ ወንድም ለምን አይጠይቁም?

ሚስት ትመረጣለች፤ ልጅ ግን አይመረጥም። ለሴቶች መብት የሚቆረቆር ሰው ከመጀመሪያውም በሙያዋ የጸናች ሴት ሊያገባ ስለሚችል፣ «ሚስቱ ሐሳቡን ቀየረችው» ስንል ምናልባት ሐሳቡ ነው ሚስቱን የመረጠው። የሚወለደው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት ግን ሳንቲም እንደ መወርወር ያለ ነገር ስለሆነ፣ ሁለት በሁሉ ነገር የሚመሳሰሉ አባቶች አንዱ ሴት፣ ሌላው ወንድ ሲወልዱ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከልጁ የመጣ ነው ለማለት ያስደፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የእኛ አንባቢ ከማንም በፊት ይገባዋል። ወንድ ልጅ እስኪያገኙ ድረስ መውለዳቸውን የሚቀጥሉ ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሴቶች ልጆች የሚበዙት አባትየው ሴት ልጅ ስለወደደ ሳይሆን ወንድ ልጅ ስለፈለገ ነው። ስለዚህም ነው ጠንቃቃ ተመራማሪዎች የልጆችን ጠቅላላ ብዛት ከግምት የሚያስገቡት፤ አንዳንዶቹም የመጀመሪያውን ልጅ ፆታ ብቻ የሚወስዱት። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ ገና ምንም የሚያስተካክሉት ነገር የለም።

እህት ያላቸው ወንዶችም እንዲሁ ናቸው?

አይደሉም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው። በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ከእህት ጋር ያደጉ ወንዶች ከወንድም ጋር ካደጉት ይልቅ ስለ ሴቶች ሚና ወግ አጥባቂ አመለካከት የመያዝ ዝንባሌ ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ የቤት ሥራ ነው። እህት ባለችበት ቤት ሳህን ማጠቡም ሆነ ቤት መጥረጉ ለእርሷ ይሰጣል፤ ወንድ ልጁም ይህን እያየ ያድጋል። ሴት ያለበት ቤት ሁሉ ለሴት የሚያስብ ወንድ አያፈራም፤ ወሳኙ በቤቱ ውስጥ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ነው።

የቤተሰብ ተጽዕኖ በሴቶች ጉዳይ ላይ ብቻ ነው የሚታየው?

አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ጥርት ብሎ የሚታየው በሕመም ጉዳይ ላይ ነው። የኒው ሜክሲኮው ሴናተር ፒት ዶሜኒቺ ሪፐብሊካን፣ በጀት አጥባቂና ቁጥብ ሰው ነበሩ። የሚኒሶታው ፖል ዌልስቶን ደግሞ በሴኔቱ ውስጥ ወደ ግራ ካዘነበሉት ዴሞክራቶች አንዱ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በታክስም፣ በመንግሥት ወጪም፣ በሌላውም ጉዳይ ሁሉ ተቃራኒ ድምፅ ሲሰጡ ኖረዋል። ነገር ግን የዶሜኒቺ ልጅ ስኪዞፍሬንያ ነበረባት፤ የዌልስቶን ታላቅ ወንድምም በወጣትነቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ገጥሞት ቤተሰቡ የሕክምናውን ዕዳ ለዓመታት ሲከፍል ኖሯል።

በዚያ ጊዜ የነበሩት የጤና መድን ድርጅቶች ለልብ ሕመም የሚከፍሉትን ያህል ለአእምሮ ሕመም አይከፍሉም ነበር፤ የአልጋ ቀኑም፣ የሐኪም ጉብኝቱም፣ የወጪ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ነበር። ይህን ልዩነት ከወረቀት ላይ ያነበበ አባል ስለ አረቦን መናር ያስባል፤ ልጁን ይዞ ሆስፒታል ለሆስፒታል የተንከራተተ አባል ግን ቁጥሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። ሁለቱ ሴናተሮች ተባብረው በ1996 የመጀመሪያውን ሕግ አስወጡ፤ ክፍተቱ ብዙ ስለነበረ ሌላ ረቂቅ ይዘው ቀጠሉ። ዌልስቶን በ2002 ከባለቤታቸውና ከሴት ልጃቸው ጋር በአውሮፕላን አደጋ አረፉ። ዶሜኒቺ ሥራውን አላቋረጡም፤ ሕጉ በ2008 ሲጸድቅ የሁለቱን ስም ይዞ ወጣ።

የ2008ቱ ድርድር ሌላም የቤተሰብ ገጽ አለው። በሴኔት በኩል ረቂቁን ከዶሜኒቺ ጋር የያዙት ኤድዋርድ ኬኔዲ ሲሆኑ፣ በተወካዮች ምክር ቤት በኩል የመሩት ልጃቸው ፓትሪክ ኬኔዲ ነበሩ፤ ፓትሪክ በራሳቸው ላይ የደረሰውን የአእምሮ ሕመምና የሱስ ችግር በይፋ የተናገሩ ሰው ናቸው። የልጅየው ረቂቅ ከአባትየው ሰፋ ያለ ሽፋን ይጠይቅ ስለነበር አባትና ልጅ ሁለት የተለያዩ ረቂቆችን ይዘው ለመደራደር ተገድደዋል። ዝምድና አንድ ዓይነት ድምፅ ያመጣል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ጥሩ ማስተካከያ ነው።

ሴት አባላት ራሳቸውስ ከወንዶቹ የተለየ ሕግ ያወጣሉ?

ለዚህ ጥያቄ በጣም አሳማኙ ማስረጃ የሚገኘው ከህንድ ነው። በ1993 ሥራ ላይ በዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት ከገጠር መንደር ምክር ቤቶች የሊቀ መንበርነት ቦታ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ የትኛው መንደር በየትኛው ዙር ሴት ሊቀ መንበር እንደሚኖረው የሚወሰነውም ከመንደሩ ፍላጎት ውጭ በተራ ነበር። ራጋቤንድራ ቻቶፓዲያይና ኤስተር ዱፍሎ በ2004 ያሳተሙት ጥናት በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን የሚገኙ 265 ምክር ቤቶችን መረመረ። ሴት በመራችባቸው መንደሮች ለመጠጥ ውሃ የዋለው ሥራ በሁለቱም ቦታ በልጦ ተገኘ። መንገድን በተመለከተ ግን ውጤቱ ተለያየ፤ በምዕራብ ቤንጋል መንገድም ጨመረ፣ በራጃስታን ግን ቀነሰ። ይህ ልዩነት ግራ የሚያጋባ ቢመስልም ምስጢሩ የሴቶቹ አቤቱታ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ሴት ነዋሪዎች ለምክር ቤቱ ደጋግመው ያቀረቡት ጥያቄ ምን እንደነበረ ሲታይ፣ ሴት ሊቀ መናብርቱ የሠሩት እርሱኑ ነበር።

በህንድ ገጠር፣ እንደ እኛው ገጠር ሁሉ፣ ማለዳ ተነሥታ ውሃ የምትቀዳው ሴቷ ናት። ጉድጓዱ ሲደርቅ ተጨማሪውን ኪሎ ሜትር የምትሄደው እርሷ ስለሆነች፣ በጀት ሲደለደል የውሃው መስመር ለእርሷ ከሌሎቹ መስመሮች እንደ አንዱ አይደለም። በአሜሪካ ኮንግሬስ ላይ በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ሴት አባላት ለምርጫ ክልላቸው ከወንዶቹ በአማካይ 9 በመቶ ገደማ የሚበልጥ የፌዴራል ገንዘብ እንደሚያስመጡና ብዙ ረቂቅ እንደሚያቀርቡ አሳይቷል። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ ሴቶች ለመመረጥ የሚያልፉት ወንፊት ጠባብ ስለሆነ ያለፉት ሴቶች ከአማካዩ ወንድ ይበልጥ ብርቱዎች ናቸው የሚል ነው። ይህ ከሆነ ልዩነቱ የተፈጥሮ ሳይሆን የወንፊቱ ነው፤ ወንፊቱ ለሁሉም እኩል ሲሆን ልዩነቱም ሊጠብ ይችላል ማለት ነው።

ሴቷ ወንበር ላይ ብትቀመጥም የምትናገረው ባሏ ነው የሚባለውስ?

እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በህንድ ገጠር «ሳርፓንች ፓቲ» የሚል የተለመደ መጠሪያ አለ፤ የሊቀ መንበሯ ባል ማለት ነው። ሚስቱ ተመርጣ ስብሰባውን የሚመራው፣ ደብዳቤውን የሚፈርመው፣ ባለጉዳዩን የሚያነጋግረው እርሱ የሆነበት ብዙ መንደር ስለነበር ነው መጠሪያው የወጣው። ሆኖም ከላይ የተጠቀሰው የውሃ ውጤት እነዚህን መንደሮች ሁሉ ጨምሮ የተገኘ ነው፤ ሴቶቹ በጠቅላላው የባሎቻቸው ማኅተም ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የበጀቱ አቅጣጫ ባልተለወጠ ነበር።

በአሜሪካም ለረጅም ጊዜ ሴቶች ወደ ኮንግሬስ የሚገቡበት ዋና በር የባል ሞት ነበር። ፓርቲው ወንበሩን በታወቀ ስም ለማቆየት ሲል መበለቲቱን ያቀርባል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሌላ ወንድ እንድትለቅ ታስቦ ነው። ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ በ1940 የሞቱትን ባለቤታቸውን ተክተው ገቡ፤ እስከ 1973 በኮንግሬስ ቆዩ፤ በ1950 የገዛ ፓርቲያቸውን አባል፣ ብዙዎችን በኮሚኒስትነት ይከስሱ የነበሩትን ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲን በሴኔቱ መድረክ ለመቃወም ከደፈሩት ጥቂቶችም ቀዳሚዋ ሆኑ።

የሊንዲ ቦግስ ታሪክ ግን ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው። ባለቤታቸው ሄል ቦግስ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በ1972 አላስካ ላይ ደብዛው ከጠፋ በኋላ በ1973 በምትካቸው ተመረጡ። በባንክ ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ብድር በሚሰጥበት ጊዜ በዘር፣ በዕድሜና በመሳሰሉት ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክል ረቂቅ ሲታይ፣ ፆታና የጋብቻ ሁኔታ በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌሉ አስተዋሉ። ራሳቸው በቅርቡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። የጎደሉትን ቃላት በእጃቸው ጨመሩ፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሄደው አባዙት፣ ለእያንዳንዱ አባል አደሉና አባላቱን በሚገባ ስለሚያውቋቸው ቃላቱ የቀሩት በመዘንጋት ብቻ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ አሏቸው። ኮሚቴው 47 ለ0 ተቀበለው። አንዲት ሴት በራሷ ስም ብድር የመጠየቅ መብቷ በ1974ቱ ሕግ የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ክፍል የባላቸውን ወንበር እንዲያሞቁ የተላኩ ሴት አልነበሩም የተቀመጡት።

የሴቶች ቁጥር በበዛ መጠን ሕጉ ሁልጊዜ ለሴቶች ይመቻል ማለት ነው?

ሩዋንዳ ሁለቱንም መልስ ትሰጣለች። በ2008 ምርጫ ከ80 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 45ቱን ሴቶች ሲይዙ፣ በዓለም የመጀመሪያው ሴቶች የሚበዙበት ምክር ቤት ሆነ፤ በ2013 ቁጥሩ 51 ደረሰ። በሴት የምክር ቤት አባላት መድረክ አማካይነት የተዘጋጀው ፆታን መሠረት ያደረገ ጥቃት የሚከላከለው ሕግ በ2008 ጸድቋል። ሴቶቹ ረቂቁን ለብቻቸው አላቀረቡም፤ ወንድ አባላትን አብረው አስፈረሙ፤ ይህም የሴቶች ጉዳይ ብቻ ተብሎ ወደ ጎን እንዳይገፋ አደረገው። ብልህነት የተሞላበት ስልት ነበር።

ይሁን እንጂ ያው ሴቶች የሚበዙበት ምክር ቤት በ2009 ባወጣው የሠራተኛ ሕግ፣ ከ12 ሳምንቱ የወሊድ ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን በ6 ሳምንት ብቻ ወሰነው፤ በቀሩት 6 ሳምንታት ቤቷ የምትቆይ እናት የሚደርሳት የደመወዟ 20 በመቶ ብቻ ነበር። ወጪው በአሠሪው ላይ የወደቀ ስለነበር ባለሀብትን የመሳቡ ፖሊሲ አሸነፈ፤ ነገሩ የተስተካከለው በ2016 የመድን ዓይነት መዋጮ ሲዘረጋ ነው። የሴቶች ቁጥር ጉዳዮችን ወደ አጀንዳ ያመጣል፤ መንግሥትና ፓርቲ ቁርጥ አቋም በያዙበት የኢኮኖሚ ጉዳይ ላይ ግን ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

በኢትዮጵያ የተወካዮች ምክር ቤትስ ይህን ማየት ይቻላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ይደነግጋል። ኅሊና የሚለው ቃል በግልጽ መጻፉ ቤተሰብ ለሚያሳድረው ተጽዕኖ በሕግ ደረጃ በር ይከፍታል። በተግባር ግን የፓርቲ ዲሲፕሊን ስለሚያይል ከዜና የምንሰማው «አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ የሴት ልጅ አባትንና የወንድ ልጅ አባትን በድምፃቸው መለየት አይቻልም። መፈለግ የሚገባው በቋሚ ኮሚቴ ውይይት፣ አባላቱ ለሚኒስትሮች በሚያቀርቡት ጥያቄና ረቂቁ ወደ ምልዓተ ጉባኤ ከመምጣቱ በፊት በተደረገበት ማሻሻያ ውስጥ ነው።

ከቁጥር አንጻርም የአገራችን ታሪክ ጠንቀቅ እንድንል ያደርጋል። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው የሚለውን የ1960 ፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ የሻረውና የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያደረገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ2000 የወጣው፣ ሴቶች እጅግ ጥቂት በነበሩበት ምክር ቤት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከምክር ቤቱ ውጭ ሆኖ ያደረገው ግፊት በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ2015 ምርጫ ከ547 ወንበሮች 212ቱን ሴቶች ያዙ፤ በዚያው የምክር ቤት ዘመን በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጎ ለአባትም 3 ተከታታይ ቀን ሰጠ። ደስ የሚያሰኝ ለውጥ ነው፤ የሴቶቹ ቁጥር ብቻውን ያመጣው ነው ለማለት ግን ከሩዋንዳ ያየነው ይከለክለናል።

ሥልጣን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲወራረስ የሕግ አወጣጡን ይጎዳል?

የወረሰ ሁሉ ደካማ አይደለም። በ1957 ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት ስንዱ ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ለሴት ልጅ ትምህርት ብርቅ በነበረበት ዘመን ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደው መማራቸው ከቤተሰባቸው ተለይቶ አይታይም። በጥቅሉ ሲታይም በብዙ አገሮች ሴት የምክር ቤት አባላት ከወንዶቹ ይልቅ ከፖለቲካ ቤተሰብ የመጡ ሆነው ይገኛሉ፤ ፓርቲዎች የማያውቋትን ሴት ለማመን ሲያመነቱ የአባቷ ወይም የባሏ ስም ዋስ ይሆናታል።

ችግሩ ያለው ሥልጣኑ ራሱን ሲያራባ ነው። ከ1789 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ ኮንግሬስ የመረመረ በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ አባል በወንበሩ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየቱ ብቻ ከእርሱ በኋላ ዘመዱ የመግባት ዕድሉን ይጨምራል። የዚህ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በፊሊፒንስ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፖለቲካ ሥርወ ቤተሰቦችን ይከለክላል፤ ነገር ግን ክልከላው «በሕግ በሚወሰነው መሠረት» ይላል። ያንን ሕግ ማውጣት የሚችለው ኮንግሬሱ ነው፤ በኮንግሬሱ የተቀመጡት ደግሞ በብዛት የእነዚያው ቤተሰቦች ልጆች፣ ሚስቶችና ወንድሞች ናቸው። ረቂቆች በየጊዜው ይቀርባሉ፤ በ2016 ለወጣቶች ምክር ቤት ምርጫ ከወጣው ክልከላ በቀር ለዋናዎቹ የሥልጣን ቦታዎች የሚሠራ ሕግ ሳይወጣ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕግ አውጪ በቤተሰቡ ምክንያት የሚያወጣው ሕግ እንዳለ ሁሉ፣ በቤተሰቡ ምክንያት ሳያወጣ የሚቀረውም አለ፤ ሁለተኛው በድምፅ መዝገብ ላይ ስለማይገኝ ጥናት አይደርስበትም።

በቤተሰቡ ተሞክሮ የሚመራ እንደራሴ ለቤተሰቡ ጥቅም ከሚሠራው በምን ይለያል?

መለያው ሕጉ ማንን እንደሚያካትት መጠየቅ ነው። ዶሜኒቺ ልጃቸውን አይተው ያስወጡት ሕግ ስሟን የማያውቁ ሚሊዮኖችን የሚያካትት ነው፤ ለልጃቸው ለብቻዋ የሚያመጣው ጥቅም ከማንኛውም ሕመምተኛ አይበልጥም። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ፖለቲከኛ ፍራንስዋ ፊዮን ባለቤታቸውን የምክር ቤት ረዳት አድርገው በሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ ያስከፍሏቸው ነበር፤ ሥራው በተግባር እንዳልተሠራ እርሳቸው በተወዳደሩበት የ2017 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ መካከል ተጋለጠ። ፍርድ ቤት በ2020 ጥፋተኛ አላቸው፤ በይግባኝም ጥፋተኝነታቸው ጸና።

ሕጎቹም ይህንኑ መስመር ይከተላሉ። የአሜሪካ ኮንግሬስ አባላት ዘመዶቻቸውን በቢሮአቸው እንዳይቀጥሩ ከ1967 ጀምሮ ተከልክለዋል፤ ፈረንሳይም በ2017 የምክር ቤት አባል ባለቤቱን፣ ልጁን ወይም ወላጁን ረዳት አድርጎ እንዳይቀጥር የሚከለክል ሕግ አወጣች። አንዱም ሕግ ግን እንደራሴው ከእናቱ ደብዳቤ እንዳይቀበል፣ ወይም የልጁን ሕመም በምክር ቤት እንዳይናገር አይከለክልም።